የአንደኛ ክፍል ትምህርትና ወሬ

ስለ ልጆች ትምህርት በተነሣ ጊዜ አሳባችን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ላይኛው ደረጃ ነው። ልጃችን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ወይም ዳኛ ሆኖ ለማየት እንመኛለን፤ የዓመቱ ትምህርት ሲፈጸምም ስንተኛ እንደ ወጣ አጥብቀን እንጠይቃለን። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ሕንፃ መሠረት የሚጣለው በአንደኛ ክፍል ሲሆን፥ በዚያ ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስተውሎ የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ጣራውን የሚያይ ሰው ሁሉ መሠረቱን አያይም፤ ቤቱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ከመሠረቱ ነው።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፥ ኅዳር ሚካኤል በዋለበት ሳምንት፥ በአንደኛ ክፍል ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቀምጠን ያየነውንና የሰማነውን ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ልጆቹ ሰባት ዓመት የሞላቸው ወይም ለመሙላት የቀረቡ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በመዋዕለ ሕፃናት ቆይተው፥ አንዳንዶቹ ከየኔታ ዘንድ ሀሁ ቈጥረው፥ አንዳንዶቹም ከእናታቸው ጉያ በቀጥታ የመጡ ናቸው። መምህርቷም እነዚህን ሁሉ በአንድ ክፍል ሰብስበው ፊደል የማስለየት ሥራ ተሰጥቷቸዋል።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የሚከተለውን ቍጥር ይመልከት። በ 2002 ዓ. ም. በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምርመራ፥ ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ሕፃናት ከመቶው 34 ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ ሳይችሉ ተገኝተዋል። ይኸውም ከሦስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። ልብ አድርጉ፤ እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት ደጅ የቀሩ አይደሉም። ደብተር ተገዝቶላቸው፥ በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ቆመው የዘመሩ ናቸው። በ 1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ስላዘዘም፥ ቋንቋው ባዕድ ሆነባቸው ማለት ለብዙዎቹ አይቻልም። እንግዲህ ዓመቱ ሲያልፍ ከፊደሉ ጋራ ሳይተዋወቁ እንዴት ቀሩ? በዚህ ሳምንት ያየነው ነገር ለዚህ ጥያቄ በመጠኑ መልስ ይሰጣል።

ሰኞ።

ሰኞ ጧት ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ከገቡ በኋላ፥ መምህርቷ መጽሐፍ ከመግለጣቸው አስቀድመው «ልጆች፥ ቅዳሜና እሑድ በየቤታችሁ ምን አዲስ ነገር ነበረ?» ብለው ጠየቁ። ወሬ መጠየቅ የሥራ ፈት ጠባይ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ለሕፃን ግን ወሬ መናገር ትልቅ ትምህርት ነው። ቆሞ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለጓደኞቹ ሲያወራ አሳቡን በተራ ማስቀመጥ ይለምዳል፤ የሌላውንም ነገር ሳያቋርጥ መስማት ይማራል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ተረት ለአደባባይ ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። በሰባት ዓመቱ አንደበቱ ያልተፈታ ልጅ፥ ካደገ በኋላ በሸንጎ ፊት ቆሞ አሳቡን ለመግለጽ ይቸገራል።

አንዲት ትንሽ ልጅ ተነሥታ «ቲቸር፥ ድመታችን አራት ልጆች ወለደች!» አለች። ክፍሉ ሁሉ በደስታ ተንጫጫ። መምህርቷም ዝም ካሰኟቸው በኋላ ጠመኔ አንሥተው በሰሌዳው ላይ «ድመት ወለደች» ብለው ጻፉና፥ ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፥ የተናገርሽው ቃል እዚህ ተቀመጠ» አሏት። ልጅቱም የገዛ ቃልዋን ስታይ እጅዋን በአፍዋ ላይ ጭና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

የጽሕፈት ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአፍ የወጣውን ቃል ነፋስ ይወስደዋል፤ ፊደል የያዘው ቃል ግን ተናጋሪው ከሄደ በኋላ እንኳ ይናገራል። ሕፃኑ ይህ ነገር በገዛ ወሬው ላይ ሲፈጸም ካየ፥ ፊደል ለእርሱ የሚያገለግል መሣሪያ መሆኑ ይገባዋል። ይህ ካልገባው ግን ፊደሉን እንደ ቅጣት ቈጥሮ ይሸከመዋል እንጂ አይወደውም።

ማክሰኞ።

ማክሰኞ የፊደል ትምህርት ነበረ። ፊደላችን በ 33 ቤት ተከፍሎ እያንዳንዱ ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ ስላለው ጠቅላላው 231 ይሆናል፤ እነ ቋና ጓ ሲጨመሩም ቍጥሩ ከዚህ ያልፋል። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ረጅም ተራራ ነው። መምህርቷ ግን ለተራራው ደረጃ እንዳለው ያሳዩ ነበር። የሰኞውን ጽሑፍ ሳያጠፉ አቆይተውት ነበርና፥ «ት»ንና «ች»ን በጣታቸው እያመለከቱ «እነዚህ ሁለቱ በምን ይለያያሉ?» ብለው ጠየቁ። አንድ ልጅ ፈጥኖ «ች ቆብ አላት» ሲል መለሰ።

ልጁ በጨዋታ የተናገረው እውነት ነው። ሸ ከሰ፥ ቸ ከተ፥ ኘ ከነ፥ ኸ ከከ፥ ዠ ከዘ፥ ጀ ከደ፥ ጨ ከጠ፥ እነዚህ ሰባቱ ለአማርኛ ድምፅ ሲባል በእናታቸው መልክ ላይ ምልክት እየተጨመረ የወጡ ናቸው። የግዕዙ 26፥ የእነዚህ 7፥ በድምሩ 33 ይመጣል። እንደዚሁም በብዙው ቤት ካዕቡ በወገቡ ላይ፥ ሣልሱ በእግሩ ላይ ጭረት እንዳለው፥ ኃምሱም በእግሩ ቀለበት እንደሚያደርግ ያስተዋለ ልጅ፥ አንዱን ቤት ሲያውቅ የሌላውን ቤት በር መክፈቻ ጭምር አገኘ። ስለዚህ 231 ምልክት እንደ 231 እንግዳ ሰው ተለያይቶ አይታየውም፤ ዘመድ ከዘመዱ ይመራዋል።

በዚሁ ቀን ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አየን። በፊተኛው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ወንድ ልጅ አንብብ በተባለ ጊዜ፥ መጽሐፉን ይዞ የገጹን ቃል ሁሉ እንደ ውሃ አወረደው። እኛም ሰምተን ደስ አለን። መምህርቷ ግን ቀስ ብለው አጠገቡ ቆሙና፥ ልጁ ገና ሳይጨርስ ገጹን ገልብጠው ሌላ ገጽ አመጡለት። ልጁም ያንኑ የቀደመውን ቃል ሳያቋርጥ ቀጠለ። ዓይኑ ከፊደሉ ላይ አልነበረም። ነገሩን ብንጠይቅ፥ አባቱ ማታ ማታ መጽሐፉን ያነብለት ኖሯል፤ ልጁም በጆሮው ይዞ፥ እንግዳ በመጣ ቍጥር በመካከል ቆሞ በቃሉ ይለው ነበር። ቤተ ሰቡም ልጃችን ማንበብ ቻለ ብለው እጅግ ደስ ይላቸው ነበር።

መምህርቷ አልተቈጡትም፤ በጓደኞቹም ፊት አላሳፈሩትም። «ጆሮህ ጎበዝ መሆኑን አየሁ፤ ከእንግዲህ ደግሞ ዓይንህን እናሠራዋለን» ብለው በራሱ ላይ እጃቸውን ጫኑ። እኛ ግን ከላይ የጻፍነውን ከመቶው 34 የሚለውን ቍጥር አሰብን። የልጁ አእምሮ ብሩህ ነው፤ ወላጆቹም የሚያስቡለት ናቸው። ነገር ግን ይህች መምህርት ገጹን ባይገልጡት ኖሮ፥ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ማንበብ የሚችል መስሎ ሊኖር ይችል ነበር።

ይህ ችግር ለአገራችን መምህራን አዲስ አይደለም። በየኔታ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ሀሁን በዜማ ከቈጠረ በኋላ ቀጥሎ አቡጊዳን ይቈጥራል። በሀሁ ጊዜ ዜማው ራሱ እየመራው ፊደሉን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። በአቡጊዳ ግን አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ፊደሉ ከየቤቱ፥ ድምፁም ከየደረጃው ተለዋውጦ ስለሚመጣ፥ የሀሁን ዜማ የለመደ ጆሮ ይሰናከላል፤ ፊደሉን ለይቶ ያወቀ ዓይን ግን አይሰናከልም። የኔታም በጭራሮ ከዚህም ከዚያም እያመለከተ «ይህ ማነው?» ይላል። እንግዲህ ልጅ ማንበቡን የምናረጋግጠው ተራውን ስናፋልስበት መሆኑን የቀደሙት ሊቃውንት ያስተማሩን ነገር ነው።

ረቡዕ።

ረቡዕ የቍጥር ትምህርት ነበረ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የለቀመውን ቆርኪ በትንሽ ከረጢት ይዞ መጥቷል። መምህርቷም የሰኞውን ወሬ አንሥተው «ድመቷ አራት ልጆች አሏት፤ አንዱን ለጎረቤት ብንሰጥ ስንት ይቀራል?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ አራት ቆርኪ ደርድረው አንዱን ሲያነሡ፥ የድመቷ ባለቤት ግን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «አንሰጥም!» አለች። መምህርቷም ሳቁና «እንግዲያውስ ለአንድ ቀን ብቻ እናውሳቸው» አሏት። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ተስማምታ አንድ ቆርኪ አነሣችና «ሦስት፤ ነገ ግን አራት» ብላ መለሰች። መቀነስንና መደመርን በአንድ ጊዜ ተናገረች ማለት ነው። ቍጥር ልጁ ከሚወደው ነገር ጋራ ሲያያዝ እንዲህ ቶሎ ይገባል።

በዕረፍት ጊዜ ልጆቹ ተሰልፈው ወደ ምግብ ቤት ሄዱ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ 2012 ዓ. ም. ጀምሮ ለተማሪዎች የምገባ ሥርዓት ቆሟል። የተራበ ሕፃን ሰሌዳውን ቢያይም ፊደሉን አያይምና፥ ይህም ራሱ የትምህርቱ ክፍል ሆኖ ሊቈጠር ይገባዋል።

ሐሙስ።

ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን ነበረ። ከየሰፈሩ ጭስ ይነሣ ስለ ነበረ በክፍሉ መስኮት ሽታው ይገባ ነበር። በዚህ ቀን አንዲት ልጅ ያወራችው ወሬ ግን ስለ ጭሱ አልነበረም። አባትዋ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ብዙ ጊዜ የቆየ ሲሆን፥ ማታ በስልክ ተነጋግረው «ለገና እመጣለሁ አለ» ብላ ተናገረች። መምህርቷ በሰሌዳው ላይ «አባቴ አለ» ብለው ጻፉና ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አንድ ጊዜ አላልተው፥ አንድ ጊዜ አጥብቀው። ላልቶ ሲነበብ አባቴ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ አባቴ ይኖራል፥ በቤት አለ ማለት ነው። ልጆቹ እየተቀባበሉ ሁለቱንም ደጋገሙት። ልጅቱ ግን የጠበቀውን ብቻ መርጣ ደጋግማ ትለው ነበር።

ፊደላችን ድምፁን ሁሉ ጽፎ መጥበቅንና መላላትን ለአንባቢው ማስተዋል የተወው ስለ ሆነ፥ ልጅ ፊደሉን ከለየ በኋላም የነገሩን ስሜት መከተል አለበት። ትርጓሜውን ሳያስብ የሚያነብ ልጅ ከዚህ ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ መምህርቷ አንድ ገጽ ባስነበቡ ቍጥር «ማን መጣ? ምን አደረገ? ለምን?» እያሉ መጠየቃቸው የትምህርቱ ዋና ክፍል ነው።

ዓርብ።

ዓርብ ጧት የልጆቹ ወሬ ሁሉ ስለ ትናንቱ እሳት ነበረ። መምህርቷም በ 1911 ዓ. ም. በኅዳር ወር ብዙ ሕዝብ የፈጀ የኅዳር በሽታ የሚባል ጕንፋን ወደ አገራችን ገብቶ እንደ ነበረ፥ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው ወረርሽኝ አካል መሆኑን፥ በኅዳር 12 ቀን ግቢን ጠርጎ ቆሻሻን የማቃጠል ልማድም ከዚያ መታሰቢያ ጋራ የተያያዘ መሆኑን በአጭር ቃል ነገሯቸው። ቀጥለውም ግቢን መጥረግ በየዕለቱ የሚገባ ሥራ እንደ ሆነ፥ ነገር ግን ላስቲክና ፕላስቲክ ሲቃጠል ጭሱ ለሳንባ መርዝ ስለ ሆነ ከእሳት ውስጥ ሊጨመር እንደማይገባው አስረዷቸው። ልጆቹ ይህን ወሬ ማታ ለቤታቸው ይዘው ሄደዋል ብለን እናምናለን።

በዚህ መካከል ያ መጽሐፉን በቃሉ የያዘው ልጅ እጁን አነሣ። ከማክሰኞ ወዲህ ብዙ ሳይናገር ሰንብቶ ነበር። «አያቴ ቆሻሻ አቃጠለች፤ ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ» አለ። መምህርቷ «ጭስ አስለቀሰኝ» ብለው ጻፉለት፤ እርሱም በጣቱ እየተከተለ አብሯቸው አነበበ። ይህ ገና ማንበብ አይደለም፤ ቃሉን ራሱ ተናግሮታልና። ስለዚህ መምህርቷ ጽሑፉን አጠፉና፥ በሰሌዳው በሌላው ጥግ፥ በሌሎች አምስት ቃላት መካከል «ጭስ» የሚለውን ብቻ ጽፈው «ወሬህ ከየትኛው ላይ ነው?» አሉት። ልጁ ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ጓደኞቹ ሊነግሩት ሲንጠራሩ መምህርቷ በእጃቸው ከለከሏቸው። ልጁም በከንፈሩ «ጠ፥ ጨ… ጭ፥ ስ» እያለ ጣቱን በቃሉ ላይ አሳረፈ።

ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ገጽ ሙሉ እንደ ውሃ ከማውረድ ጋራ ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ማክሰኞ ያወረደው ገጽ የአባቱ ንባብ ነበረ፤ ዓርብ ያነበባት ሁለት ፊደል የራሱ ናት። ልጁ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል። ቢሆንም «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፥ መንገዱን ጀምሯል።

ከወላጆች የሚፈለገው።

አንዲት መምህርት በአንድ ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ልጅ ገጽ በየቀኑ ለመግለጥ ጊዜ አይበቃትም። ስለዚህ የቀረው ሥራ የቤት ነው። ይልቁንም በመንግሥት ሥራ ተጠምዳችሁ አምሽታችሁ የምትገቡ ወላጆች፥ ለዚህ ነገር ከሌሊቱ ሩብ ሰዓት ብቻ ብትሰጡ ብዙ ታተርፋላችሁ። ያየነውን መሠረት በማድረግ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስንት አገኘህ፥ ስንተኛ ሆንህ ከማለት አስቀድሞ ዛሬ ምን ወሬ አለ ብሎ መጠየቅ፥ እስኪጨርስም ሳያቋርጡ መስማት ይገባል። ከወሬውም አንዲት አጭር ቃል በወረቀት ጽፎለት በማግሥቱ እርሱ ራሱ እንዲያነባት ማድረግ መልካም ነው።

2ኛ፤ ለልጅ መጽሐፍ ማንበብ እጅግ የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ቃሉን ያበዛለታል፥ መጽሐፍንም ያስወድደዋል። ነገር ግን እርሱ በተራው ሲያነብ ተራውን ማፋለስ ያስፈልጋል። ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ፥ ከገጹ መጨረሻ ወይም ከመካከሉ አንድ ቃል መርጦ «ይህ ምንድነው?» ማለት ነው። ካልቻለ፥ ያልለየው የትኛው ቤት ወይም የትኛው ድምፅ እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል።

3ኛ፤ የተሳሳተውን ልጅ በእንግዳ ፊት ማሳፈር ወይም መምታት አይገባም። የፈራ ልጅ ስሕተቱን መደበቅ ይማራል፤ በቃል መያዝም ከመደበቂያዎቹ አንዱ ነው። እንደዚሁም ለእንግዳ ማሳያ አድርጎ በየጊዜው ማቆም አለጊዜው ምስጋና ማሸከም ነው።

4ኛ፤ በብዙ ቤት ልጁን ውሎ የምትጠብቀው ከገጠር የመጣች፥ ራስዋም ፊደል ያልቈጠረች የቤት ሠራተኛ ናት። ልጁ የተማረውን ፊደል በየማታው ለእርስዋ እንዲያሳያት ቢፈቀድ፥ እርሱ በማስተማር ዕውቀቱን ያጸናል፤ እርስዋም ያላገኘችውን ዕድል በዚያው ታገኛለች። በአንድ መብራት ሁለት ሰው ማየት እየቻለ አንዱን በጨለማ ማስቀረት ለቤቱ ጌታና እመቤት ክብር አይሆንም።

5ኛ፤ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን መምህሩን ወይም መምህርቷን በአካል አግኝቶ «ልጄ ያነባል ወይስ በቃሉ ይላል?» ብሎ በግልጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከካርዱ ላይ የተጻፈው ቍጥር ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ አይሰጥም።

የሕፃን ልጅ ትምህርት የሚጎድለው በአንድ ቀን አይደለም፤ ማንም ሳያየው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ነው። የሚሞላውም እንደዚሁ ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ሳይታወቅ የቀረ ፊደል በአራተኛ ክፍል የታሪክን፥ በስምንተኛ ክፍል የሳይንስን መጽሐፍ ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ልጁ ሰነፍ ይባላል እንጂ የጠፋችውን ፊደል ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈልግለት አይገኝም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ አባቶችና እናቶች፥ አያቶችና አሳዳጊዎች፥ ዛሬ ማታ የልጁን መጽሐፍ አንሡና ከመካከሉ ገልጣችሁ አንዲት ቃል ጠይቁት። ቢያውቃት ደስ ይበላችሁ፤ ባያውቃትም በጊዜው ማወቃችሁን እንደ ትርፍ ቈጥራችሁ፥ ከዚያችው ቃል ጀምሩ።